ጋሼ መርዕድ የነኳት መኪና

አበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ሳይጠራ መጥቶ የሰው ዕቃ ካላስተካከለ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ የሰው ሳሎን ገብቶ ሶፋ ያዛውራል፤ አንዷ በሰው ድስት ላይ ጨው ትጨምራለች። የሲልቨር ስፕሪንጉ ክቡር ጋሼ መርዕድ ደግሞ የተሾሙት በመኪና ሬዲዮ ቤዝ፣ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሎት ይንጎራደዳሉ። ሰብዉፈር የሚባለው ትልቁ የቤዝ ስፒከር ያላትን መኪና ከሩቅ ያውቋታል። "አንዴ ብቻ ልንካት" ይላሉ፤ ባለቤቱ እሺ እስኪል የኋላው ዕቃ መጫኛ፣ ትራንኩ ተከፍቷል። ከለቅሶ ቤት ሲወጡ እንኳ የሟችን ወንድም መኪና ሲያስተካክሉ ታይተዋል። ሐዘንተኛው እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ምን ያድርግ።

ትራንክ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ አምፑ፣ ጥቂት መዘውሮች አሉት። አንዱ የቤዙን ጉልበት ይወስናል። ፊልተር የሚባለው፣ ወፍራሙን ድምፅ ለሰብዉፈሩ ትቶ ቀጭኑን ይከለክላል። ፌዝ የምትባል ትንሽ ማብሪያ ደግሞ አለች፤ የኋላውና የፊቱ ስፒከር እኩል እንዲገፉ ታደርጋለች፣ ከተገለበጠች ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስብና ቤዙ መንገድ ላይ ይቀራል። ስሟ ፌዝ ይሁን እንጂ ለጋሼ መርዕድ ቀልድ አልነበረችም። ፊት ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ ከኋላ ሰው ማብሪያዋን ወዲያና ወዲህ ያደርጋል፤ እሳቸው "የቅድሟ" ወይም "ይቺ" ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም ነበር።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ዋለልኝ ነው። ሥራውን የተማረው ከእሳቸው ኋላ ሆኖ ማብሪያዋን በማገላበጥ ነው። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመኪና ሬዲዮ መግጠሚያ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና የግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ትራፊክ ካልያዘ።

አምና መስከረም ላይ መጀመሪያ የመጣችው ነርሷ ናዝራዊት ነበረች። ጋሼ መርዕድ መኪናዋን ከነኳት ወዲህ መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ ከኋላዋ የሚመጣውን መኪና ሁለት አድርጎ ያሳያታል። ቀጥሎ ማቲያስ መጣ። ኡበር ነው የሚሠራው፤ አንዱ ተሳፋሪ ሄሊኮፕተር እየተከተለን ነው ወይ ብሎ ጠይቆት ወርዷል። ዋለልኝ ትራንካቸውን ሲከፍት ጉልበቱ እስከ ጫፍ ተዘውሯል፣ ፊልተሩ ከልክ በላይ ተከፍቶ ዘማሪው በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ማብሪያዋም ተገልብጣለች። ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ። ሁለቱም አንድ ነገር ለመኑት፤ ጋሼ እንዳይሰሙ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወረፋ ሆነ። እሑድ ጋሼ መርዕድ ያስተካክላሉ፤ ባለመኪናው "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" ይላል፤ ሰኞ ወንዙን በብሪጁ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ያስመልሳል። ቄስ ደምሴ ሳይቀሩ መጡ። እውነት ተናገሩ ብለው የሚያስተምሩት ቄስ ትራንኩን ሲያስዘጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ሽማግሌ ማሳዘን ነውር ነው" አሉት። ዋለልኝም ነውር መሆኑን አመነ። ይሉኝታ የማያደርገን ነገር የለም።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ዋለልኝ ለጉዳይ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዶ ከጋሼ መርዕድ ጋር ተገናኙ። እንደ ልማዳቸው መኪናውን አስከፈቱት፣ መዘውሮቹን እንደፈለጉ አዟዟሩና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮው በገና ይዟል፤ ጾም ነው። ዋለልኝ ማብሪያዋን ሊያገላብጥ ጎንበስ ሲል፣ ወደ ሰብዉፈሩ የሚሄደው ሽቦ ላልቶ አየውና ጫፉን ሊጠርግ ነቀለው። የበገናው ወፍራም ጅማት ወዲያው ጠፋ፤ ቀጭኑ ብቻ ቀረ።

"አሁን ገና መጣ" አሉ ጋሼ መርዕድ ከፊት፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። "ቤዝ ማለት ይሄ ነው።"

ዋለልኝ እጁ ላይ ያለውን ሽቦ አየ። ሰውየው አልሰሙም፤ አለመስማታቸውንም እየደበቁ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሁሉም ሰው እጅዎ ይባረክ እያለ ከሐኪም ቤት አስቀርቷቸዋል፤ ከሁሉም የባሰው ደግሞ እሱ ራሱ፣ እያረመ ስህተታቸውን ያጠፋላቸው ሰው ነው። "ልክ ነዎት ጋሼ" የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ደባቂው አገር ምድሩ ሲሆንስ? ሽቦውን እንደያዘ ዞሮ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠና ሬዲዮውን አጠፋው።

"ጋሼ፣ ሽቦው እጄ ላይ ነው። ቤዝ አልነበረም።"

ጋሼ መርዕድ ሽቦውን ከእጁ ተቀብለው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት።

"እኔ የነካሁትን ስንት ሰው ነው አንተ ጋ የሚያስመልሰው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ቄስ ደምሴም?"

"እሳቸውም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ግራው ጆሮ ከገና ወዲህ ጭራሽ እንደዘጋ፣ ቀኙም እየተከተለው እንደሆነ ነገሩት። ለምን ሐኪም እንዳላዩ ሲጠይቃቸው መንገዱን እያዩ መለሱ፦ "ደንቁሯል ከተባለ ማን መኪናውን ይከፍትልኛል?"

ዋለልኝ በራሱ አፈረ። በሳምንቱ ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ዶክተሯ ቀኙ በኦፕሬሽን ሊድን እንደሚችል፣ ግራው ግን እንደሚያጠራጥር፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ እንደነበር ተናገረች። ያልሰሙትን ዋለልኝ አንድም ቃል ሳያለሳልስ ደገመላቸው። ቀጠሮው ለሰኔ ተያዘ።

ማታ ዋለልኝ አሥራ ዘጠኙንም ሰዎች እየደወለ አነጋገራቸው። ነገሩን ሳይደብቅ ነገራቸውና ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ መርዕድ የነኳትን መኪና እንደማያስተካክል፣ ሌላ ቦታም ወስደው እንዳያስነኩ ለመናቸው። ሰኔ ላይ ጆሯቸው ሲከፈት ስህተታቸውን ሰምተው ራሳቸው ያስተካክሏታል አላቸው። ናዝራዊት እሺ አለች። ማቲያስ ስለ ተሳፋሪዎቹ ትንሽ አጉረመረመና እሱም እሺ አለ።

መጨረሻ የደወለው ለቄስ ደምሴ ነበር። የእሳቸው መኪና ከዚያች ቅዳሜ በፊት በነበረው እሑድ እንደ አዲስ ተነክታ ኖሮ፣ በነጋታው ወደ አሌክሳንድሪያ ሊመጡ አስበው ነበር። ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ስለ ሰኔው ቀጠሮ ቀኑን ጠየቁት፣ ጻፉትም።

"እንግዲያው እስከዚያ ትንቀጥቀጥ" አሉ።