ጋሼ አንቴናና ጭራ ያወጣው ኳስ

ቴሌቪዥንን መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ኳ ኳ የሚል የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ «አሁንስ?» የሚል ጩኸት። ከታች ጎረቤቱ ሁሉ አንዲት ሳሎን ውስጥ ታጭቆ «ትንሽ ወደ ግራ! ኧረ አለፈ! መልሰው!» ይላል። ከላይ አንድ ቀጭን ጎረምሳ የአንቴናውን ዘንግ አቅፎ ይሽከረከራል።

ያ ጎረምሳ ዛሬ ጡረታ የወጡ የመብራት ሠራተኛ ናቸው። ሰፈሩ ስማቸውን ረስቶ ጋሼ አንቴና ይላቸዋል። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም፤ አለ የሚል ካለ፣ ሰውየው እሱ ራሱ ነው። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቁት ይመልሳል። ምስማር ብትገዙ «ለእኔ ሳትነግሩ?» ብሎ ይታዘባችኋል፤ ፍሪጅ ብትገዙማ ቂም ነው።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አዲስ ካውያ ስትገዛ፣ ክቡርነታቸው ካውያውን እንደ ሐኪም ጆሯቸው ላይ ደቅነው ሲያዳምጡ ቆዩና «ይኼ ዓመት አይደፍንም» ብለው ፈረዱ። ካውያው ዐሥር ዓመት ሠራ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ብታስታውሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ ባላስፈራራሽ ኖሮ እንዲህ ተጠንቅቀሽ ትይዥው ነበር?»

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን የእኛ ቴሌቪዥን ግማሽ ፊቱ ጠቆረ። ዜና አንባቢው ከአፍንጫው በታች ብቻ ይታይ ጀመር። እኔና ባለቤቴ ድምፃችንን አጥፍተን፣ ጠዋት ማልደን ሹልክ ልንል ተማከርን። በሩን ስንከፍት ጋሼ አንቴና ሸሚዛቸውን ተኩሰው ቆመዋል።

«ስንት ሄርዝ ልትገዛ ነው?» አሉኝ፣ ደህና አደርክ ሳይሉ።

ሱቁ ውስጥ ሻጯ ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አብርታ አሳየችን። ስፋታቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ አንዱ ግን ስልሳ ሄርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ያድሳል፣ ሌላው መቶ ሃያ ጊዜ። ዋጋቸውም እንደዚያው ተራርቋል።

«ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«እውነቱን ልንገርሽ እናቴ» አለች ሻጯ፤ «ለዜናና ለኳስ ስልሳው ይበቃችኋል። መቶ ሃያው ይበልጥ የሚጠቅመው ጌም ለሚጫወት ነው።»

ጋሼ አንቴና ዘራቸው የተሰደበ ያህል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ስልሳ ላይ ኳሱ ጭራ ያወጣል! ኳስ ጭራ ሲያወጣ ዝም ይባላል?»

«ጅራታም ኮከብ ነው እንዴ?» አለች ባለቤቴ።

ክቡርነታቸው ግን ወደ ፈተናው ገብተዋል። የኳስ ጨዋታ አስከፈቱና፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይወዘውዙ ጀመር። «ምስል የሚፈተነው በአንገት ነው!» ማቀዝቀዣ ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ከኋላ ቆመው አብረው ወዘወዙ።

«አሁንስ?» አሏት ባለቤቴን፣ ወደ ስልሳው እየጠቆሙ።

«ያው ነው።»

«አሁንስ?» ወደ መቶ ሃያው።

«ያው ነው አልኩዎት እኮ!»

«ዓይንሽን ታጥበሽ ወጥተሻል ግን?»

እኔም ዓይኔን እስኪያመኝ አፈጠጥሁ። ጭራ ቀርቶ ላባ አላየሁም። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ለማናየው ነገር ነው የምንከፍለው?» ብላ አንሾካሾከች። ልክ ናት። «ስልሳው ይታሸግልን» ልል አፌን ከፈትሁ።

ያን ጊዜ ጋሼ አንቴናን አየኋቸው። አንገታቸው ቆሟል። እኛንም፣ ሄርዙንም ረስተዋል። አንድ ተጫዋች ኳሷን ይዞ ወደ ግቡ ሲገሰግስ አፋቸውን ከፍተው ይከተሉታል።

ትዝ አለኝ። በዚያ በድሮው ሳሎን፣ በአንድ የፍጻሜ ጨዋታ ግብ ገብቶ ቤቱ በጩኸት ሲናጥ፣ ከጣሪያው ላይ «ገባ እንዴ? ማን አገባ? ኧረ ንገሩኝ!» የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። ማን ይስማ! ዘንጉን ከለቀቁት ምስሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ አይወርዱም። ሰፈሩ ያየውን ግብ ሁሉ እሳቸው የሰሙት በወሬ ነው። አንቴናው በዲሽ ሳህን ከተተካ በኋላ እንኳ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሳህኑን ሊያስተካክሉ መጀመሪያ የሚነሱት እሳቸው ናቸው።

«መቶ ሃያውን» አልሁ ለሻጯ።

ባለቤቴ ትኩሳት እንዳለብኝ ልታጣራ ግንባሬን ነካችው። ምን ልበላት? ስልሳው ለእኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ስልሳ የጋሼ አንቴና ነው።

እሑድ ከሰዓት የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። መሐል ላይ፣ በእኔ ወንበር አስቀመጥኋቸው። «ዛሬ መነሣት ክልክል ነው» አልኋቸው። ጫማቸውን አውልቀው ተደላደሉ፤ ጨዋታውን ሙሉ ግን አንደበታቸው አላረፈም። «አየህ? ጭራ የለውም! አየሽ? ንግግር አያስፈልገውም!»

አንድ ለአንድ እንደሆኑ፣ ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። መቺው ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ውጭ ነፋስ አፏጨ። የክፍላችን ኩራት፣ ያ መቶ ሃያ ሄርዝ፣ እንደ ወደቀ ብርጭቆ ተሰባብሮ ደረቀ።

ባለቤቴ «ወይኔ!» ስትል ጋሼ አንቴና አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ በእግራቸው ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። ፊታቸው ላይ ቅሬታ እንኳ አልነበረም፤ የለመዱት ሥራ ነው።

ትከሻቸውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሳህኑ በየት በኩል እንደሚዞር አታውቀውም!»

«አንተ ሰውዬ፣ ስልሳህን ደፍነሃል እኮ!» አለችኝ ባለቤቴ።

መሰላሉ ከጓዳው ኋላ እንደተጋደመ ነው። በሩን ከፍቼ እሱን ላነሳ ወጣሁ።