ክቡር እንደራሴና የቀረበው ድልድይ

በየአገሩ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። የእኛን ችግር ተሸክሞ አዲስ አበባ ይገባል፤ የአዲስ አበባን ኮት ለብሶ ይመለሳል። ችግሩን የት እንዳኖረው ሲጠየቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እንደ አዲስ የሕዝብ እንደራሴ ጉሮሮ ብዙ ጊዜ የሚጠረግ ነገር በዓለም ላይ የለም። የንጉሥ ግቢ እንኳ ያን ያህል አይጠረግም።

የእኛ የነቀምቴዎቹ ክቡር አቶ ኢዶሳ ኩማ ይባላሉ። ከመመረጣቸው በፊት ኦቦ ኢዶሳ ነበሩ። በፍርድ ቤት ደጅ ለሰው የሚሟገቱ ነገረ ፈጅ፣ ድምፃቸው ገበያ ድረስ የሚሰማ፣ ሲናደዱ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ የሚያፈርጡ ሰው ነበሩ። ለምርጫው የወሰዱት ምልክት ጃንጥላ ነው። ፊደል ያልቆጠረውም እንዲለያቸው እውነተኛ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው በየገበያው እየዞሩ፣ «ዝናብ ሲመጣ ከሥሬ ተጠለሉ!» ይሉ ነበር። ተጠለልን። ከዚያ ጃንጥላው ተነሥቶ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኛ ከዝናቡ ጋር ቀረን።

ምክር ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ፣ በሐምሌ ጭቃ፣ ክቡርነታቸው ገበያው ላይ ሰብስበውን ሥራቸውን ሊነግሩን ብቅ አሉ። ኮቱ ባለ ሰደርያ ሆኗል። ሳቃቸው አጥሯል። ባርኔጣቸውን መሬት ላይ የሚያፈርጡት እኚያ ሰው አሁን በሁለት ጣት አንሥተው በሁለት ጣት ያስቀምጡታል። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ቃል ይዘው መጥተዋል፤ «ጉዳዩ ቀርቧል።»

የመሬቱ ግብር? «ጉዳዩ ቀርቧል።» የሐኪም እጥረቱ? «ቀርቧል።» ለቅሶ ቤት ገብተው ባሏ የሞተባትን ሴት ሲያጽናኑ አፋቸው ለምዶ «አይዞሽ፣ ቀርቧል» አሉ የሚልም አለ። እኔ አልሰማሁም፤ ግን አልጠራጠርም። የጠጅ ቤቷ የሺወርቅማ ደንበኛ ብርሌ ሲያንኳኳባት ከጓዳ ሳትወጣ «ቀርቧል!» ማለት ጀመረች። ጠጁ አይመጣም፤ ቤቱ ግን በሳቅ ይሞላል። መራራ ሳቅ ከጌሾ ይልቅ ያሰክራል።

ሌላም ነገር አለ፤ ስጽፈው ዛሬም ያመኛል። ከኦሮሞ እናት ተወልደው በኦሮምኛ ያደጉት ሰው፣ ኦሮምኛ ለሚናገር ሕዝብ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት። የወረዳው ገዢ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጧላ! የመንግሥት ነገር የሚነገረው በመንግሥት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ጉሉማ የሚባለው የፍርድ ቤት አስተርጓሚ በመካከል ይቆማል። ክቡርነታቸው ይናገራሉ፤ ጉሉማ ይተረጉማል፤ ከፊት የተቀመጡት የገዛ እናታቸው የልጃቸውን ነገር ከሰው አፍ ይሰማሉ። እኔ የጎጃም ሰው ልጅ ነኝ፤ የሚናገሩት በእኔ ቋንቋ ነው። ያን ቀን ግን የራሴ ቋንቋ እንደ ተውሶ ካባ ከበደኝ።

የዚያ ቀን ዋናው ጥያቄ የለገ ሳርዶ ወንዝ ነበር። ከከተማው በታች ያለ ወንዝ ነው፤ በበጋ ሕፃን ይሻገረዋል፣ በክረምት በሬ ያሰጥማል። ሆስፒታሉ ወዲህ ነው፤ ግማሹ ሕዝብ ወዲያ።

አዴ ድርቤ ተነሡ። ሽንኩርት ሻጭ ናቸው፤ አንዲት ልጃቸውን ከወንዙ ማዶ ድረዋል።

«ጉሉማ፣ እንዲህ በልልኝ» አሉ በኦሮምኛ። «ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ ወሯ ገብቷል። ኢዶሳ ‹ድልድይ አሠራለሁ› ብሎ ነው ድምፄን የወሰደው። ድልድዩስ?»

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድልድዩ ቀርቧል።»

ጉሉማ ተረጎመ፤ «ዲያቴራ!»

ጉሉማ አልተሳሳተም። ዲያቴራ ማለት ቀርቧል ማለት ነው። ግን በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ለባለሥልጣን ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ለአዴ ድርቤ ድልድዩ ራሱ ተቃርቧል፣ መንገድ ላይ ነው፣ ሊደርስ ነው። ገበያው በእልልታ ተናጋ። የወረዳው ገዢ እልልታው ለመንግሥት መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

ወሬው በጩኸት ወንዙን ተሻገረ። በማግስቱ የወዲያ ማዶ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ድልድይ ሊቀበል ወረደ። አዎን፣ ድልድይ ሊቀበል! የብረት ነው፣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል ተብሏል። በወዲህም ዳር እንደዚያው። አዴ ድርቤ ከሁሉ ፊት ቆመዋል። እኔም ሄድኩ። ሰው ፍቅረኛው ቀርባለች ሲሉት እንዴት አንገቱን እንደሚያሰግግ አውቃለሁ፤ በዘፈን ያደግኩ ነኝ። ሕዝብ ለድልድይ እንዲያ ሲያሰግግ ግን አይቼ አላውቅም። ዝናቡ ሲጀምር በአፌ የመጣልኝ ይህ ነበር፤

ቀረበ ቢሉኝ ወንዝ ዳር ወረድኩኝ፣
ውሃው ነው እንጂ ማን መጥቶ አየሁኝ።

ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ። ከማዶ ጩኸት ተሰማ። የአዴ ድርቤ ልጅ አዱኛ፣ ድልድዩ ቀርቧል ሲሏት ሆስፒታል ለመውለድ ከቤቷ ተነሥታ ወንዙ ዳር ደርሳ ነበር። ምጡ እዚያው ያዛት። እናቷ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ፤ በመካከል ለገ ሳርዶ እንደ ሰከረ ሰው ያጓራል።

ክቡርነታቸው ሰምተው በበቅሎ መጡ፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። ሕዝቡ መንገድ ሰጣቸው፤ አፉን ግን አልያዘም።

«ክቡር እንደራሴ፣ ድልድይዎ መንገድ ጠፋበት እንዴ?»

«ቀርቧል አሉ! እስኪ ይርገጡትና ያሳዩን!»

አዴ ድርቤ ብቻ አልተሳደቡም። «አንተ ኢዶሳ፣ የት ድረስ ቀረበ?» አሉ። ጥያቄያቸው የምር ነበር። አሁንም ይጠብቁ ነበር።

ያኔ ክቡርነታቸው አጠገባቸው የቆመውን ጉሉማን አዩት። ጉሉማም ሊተረጉም አፉን ከፈተ። «ዝም በል» አሉት፤ በኦሮምኛ። ከዚያ ለሴትዮዋ በእናታቸው ቋንቋ፣ «አዴ፣ የቀረበው ወረቀት ነው። ድልድይ የለም» አሏቸው።

ባርኔጣቸውን መሬት ላይ አፈረጡ! ዓመት ሙሉ ያላየሁት ነገር ነው። ኮቱ ወለቀ፤ ሰደርያው ወለቀ። ባይሳና ሽብሩ የሚባሉ የእንጨት ፈላጮች ጠፍር ወገባቸው ላይ አስረውላቸው፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ አባል በውስጥ ሱሪ ውሃ ውስጥ ገቡ። ውሃው ሁለት ጊዜ ጠለፋቸው፤ ሁለቴም ተነሡ። ጠፍሩ ማዶ ከዛፍ ጋር ታሰረ፤ ጎበዛዝቱ ተከተሉ። አዱኛን በቃሬዛ ከጭንቅላት በላይ ተሸክመው ሲያሻግሯት አንድ ሰው ጃንጥላውን ይዞላት ነበር። የምርጫው ጃንጥላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አስጠለለ።

አዱኛ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

በቀብሩ ክቡርነታቸው የደረቀ ጭቃ እንደለበሱ ከኋላ ቆሙ። ሰው ሁሉ ያቺን ቃል ጠበቀ። አልተናገሯትም።

በዓመቱ ሐምሌ ተመልሰው መጡ። ሕዝቡ ከልማድ ተሰበሰበ፤ የወረዳው ገዢ ወንበሩ ላይ ተሰየመ፤ ጉሉማ በመካከል ቆመ። አዴ ድርቤ ሽንኩርታቸውን ጥለው መጥተዋል። ክቡርነታቸው በአማርኛ ጀመሩ። ጉሮሯቸውን ግን አልጠረጉም።

«ድልድዩ» አሉ፣ «ቀርቷል።»

የወረዳው ገዢ ቀና አለ። «ቀርቧል ማለትዎ ነው፣ ክቡር እንደራሴ?»

«አይደለም ጌታዬ፤ ቋንቋዎን በደንብ አውቀዋለሁ። አቅርቤ ነበር፤ ጠይቄ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ ነበር፤ ገንዘብ የለም ተባልኩ። ስለዚህ ቀርቷል። ጉሉማ፣ ይቺን አሳምረህ ተርጉማት።»

ጉሉማ ተረጎመ። አዴ ድርቤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። በኋላም ወደ ክቡርነታቸው ሄደው እጃቸውን ጨበጡ። ከእንደራሴ የሰማነው የመጀመሪያው እውነተኛ ዜና ይኸው ነበር፤ አንድም መልካም ነገር የለበትም።

በሚቀጥለው ምርጫ ጃንጥላ ከምልክቶቹ መካከል አልነበረም። ጃንጥላው ከሌለ ባለ ጃንጥላውም የሉም። የተመረጠው ሌላ ሰው ነው፤ ጉሮሮው ንጹሕ፣ ሰደርያው አዲስ፤ ስለ ድልድዩ ሲጠየቅ ጉዳዩ መቅረቡን ይነግረናል።

ኦቦ ኢዶሳ ወደ ፍርድ ቤቱ ደጅ ተመልሰዋል፤ ባርኔጣቸው በየቀኑ ትፈርጣለች። ለገ ሳርዶ በሞላ ቁጥር ግን ጠፍር ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሰው ሊያሻግሩ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አያለሁ። ያቺ ጃንጥላ አንድ ዘንጓ ተሰብሮ እንደ ክንፈ ሰባራ ቁራ ሆናለች። ማዶ የቆመ ሰው ከሩቅ ሲያያት፣ «ዲያቴራ!» ብሎ ይጮኻል።

ያኔ ቃሏ አንድ ፊት ብቻ አላት።