የሚስተር ጆንሰን ሞተር

የናዝሬት ከተማ ብዙ ዓይነት ጋራዥ አይታለች። የተበላሸውን የሚጠግኑ ነበሩ፤ ደህናውን የሚያበላሹም ነበሩ። ለክብሩ ስንል ስሙን የማንጠራው አንድ የመንግሥት ጋራዥ ግን በ1976 ዓ.ም. ክረምት ከሁለቱም ልቆ ተገኘ፤ አንዲት ቡሎን ሳይፈታ በጥገና ሙያ ታሪካዊ እርምጃ ተራመደ። ለመጪው ትውልድ ትምህርት ይሆን ዘንድ እነሆ እንዘግበዋለን።

መነሻው አንድ ገጽ ሰርኩላር ነው። አሥረኛው የአብዮት በዓል ስለተቃረበ፣ ከወዳጅ አገሮች የሚመጡ እንግዶች በስምጥ ሸለቆ በኩል እስከ ሻሸመኔ ይጎበኛሉ፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ድርጅቶች ሁሉ «ተገቢውን ዝግጅት ያድርጉ» ይላል። የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ኃይለየሱስ ሰርኩላሩን ሦስት ጊዜ አነበቡና ሠራተኛውን ሰበሰቡ።

«ጓዶች፣ የእንግዳው መኪና በራችን ላይ ቢበላሽ፣ ብልሽቱን በምን ቋንቋ ይገልጽልናል?»

ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረው ጆቴ እጁን አወጣ። «ከፍተን እናየዋለን፣ ጓድ።»

ይህ አስተያየት በቃለ ጉባኤው ላይ «ኋላ ቀር የአሠራር ዝንባሌ» ተብሎ ሰፈረ። ከዚያም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከኢምፔሪያሊዝም እጅ ተነጥቆ ለሰፊው ሕዝብ ጥገና እንዲውል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በየቀኑ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ልምምድ ይደረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ልምምዱ ይገመገማል። የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ዘመናይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች በመሆኗ መጽሐፉን እንድታዘጋጅ ታዘዘች። በስቴንስል የተባዛው መጽሐፍ «በመጠገኛ ቦታ የሚደረጉ የዕለት ተዕለት ንግግሮች» ይባላል። ትምህርት አንድ አቀባበል ነው። ሁለት ብልሽቱን መስማት፣ ሦስት ማዘን። ከአራት እስከ ዘጠኝ ያሉት ልዩ ልዩ ቀጠሮዎች ናቸው። አሥር ይቅርታ፣ አሥራ አንድ ስንብት። ስለ ጥገና የሚናገር ትምህርት አልነበረም። ጆቴ ለምን ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰው ሲጠግን ንግግር እንደማያስፈልገው ተብራራለት።

ቀመሪያ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ናዝሬት አቅራቢያ ያለችው የደራ ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ ረጅም፣ ከንፈሯን ገጥማ የምትሄድ፣ አንድን ነገር ሁለቴ መናገር የማይሆንላት ሴት። የማኅበሩን የወፍጮ ሞተር በጋሪ አስጭና ገባች። ሞተሩ የቆመው ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን ነው። በመቀነቷ የቋጠረችው ደብዳቤ ደግሞ ሠላሳ ቀን ሥራ ያቆመ ወፍጮ ለሌላ ማኅበር እንደሚዛወር ያስታውቃል። የደራ ሴቶች ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመልሰዋል። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው የገዛ ምራቷ ሳትቀር ተንበርክካ ትፈጫለች።

ጆቴ ሞተሩን ዞሮ አየው፤ አሸተተው። «አዴ ቀመሪያ፣ ናፍጣ የሚረጨው አፉ በቆሻሻ ተደፍኖ ነው። ሌላ ምንም የለበትም። እስከ ምሳ ትወስጂዋለሽ።»

«እንኳንም አንተን አገኘሁ፣ ኦቦ ጆቴ።»

ካቻቢቴውን ሊያነሳ ሲል ጓድ ኃይለየሱስ ከኋላው ደረሱ። ፊታቸው በርቷል። ለልምምዱ የማይነሳ ሞተር አጥተው ተቸግረው ነበር። በግቢው ሃያ ሦስት የቆሙ መኪናዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከነጭራሹ ሞተር ስላልነበራቸው ለትምህርቱ ብቁ አልሆኑም። የቀመሪያ ሞተር በዚያው ሰዓት በንብረት መዝገብ ገባ፤ በላዩም ካርቶን ተንጠለጠለ፤ «የትምህርት መርጃ። መጠገን በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

«እስከ መቼ ነው?» አለች ቀመሪያ።

«እንግዳው ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ በቅደም ተከተል ይታይልሻል።»

«የእኛ ቀን እኮ በማግስቱ ያልቃል፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ደርሰሻል ማለት ነው፣ ጓዲት» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ፤ በዚህ አስተያየታቸውም ከልብ ረኩ።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። የደንበኛውን ሚና የሚወስድ ጠፋ። ደንበኛው በመጽሐፉ ውስጥ ሚስተር ጆንሰን ይባላል፤ ባርኔጣ ያደርጋል፤ የግል መኪና አለው። ይህ ነገር ነገ በማን ፋይል ውስጥ እንደሚገባ ስለማይታወቅ መካኒኮቹ በየተራ ጉንፋን ያዛቸው። ጓድ ኃይለየሱስ ቀመሪያን አዩ። አርሶ አደር ናት፣ ሴት ናት፣ የመደብ ጀርባዋ ንጹሕ ነው፤ በዚያ ላይ በየጧቱ እየመጣች ሞተሯ አጠገብ መቀመጧ አልቀረም። የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው በሻሿ ላይ ደፉላት። የተቀባዩን ሚና፣ ከባድ ኃላፊነት በመሆኑ፣ ራሳቸው ወሰዱ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር ጆንሰን።»

«ጉድ ሞርኒንግ። ማይ ኢንጂን ዳዝ ኖት ስታርት።»

«አይ አም ቬሪ ሶሪ፣ ሰር።»

«ዌን ዊል ኢት ቢ ሬዲ?»

«ቱሞሮ፣ ሰር።»

በሦስተኛው ቀን ቀመሪያ የምትለው ምን እንደሆነ ዘመናይን ጠየቀች። ዘመናይ ነገረቻት፤ ሞተሬ አልነሳ አለ፣ መቼ ይደርሳል፣ ነገ።

«እሱንማ የመጣሁ ዕለት በአማርኛ ነግሬያቸዋለሁ።»

«በአማርኛ ሲሆን አቤቱታ ነው፣ ጓዲት» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ። «በእንግሊዝኛ ሲሆን ውይይት ይሆናል። ድገሚው። ደግሞ ኀዘንሽ በዝቷል። ሚስተር ጆንሰን ሞተሩ አልነሳ ስላለ ይህን ያህል አይከፋውም።»

«ሚስተር ጆንሰን ድንጋይ ወፍጮ ላይ አልተንበረከከማ።»

ይህም በቃለ ጉባኤ ገባ።

ቀመሪያ በየማለዳው ከደራ እየመጣች «ሞተሬ አልነሳ አለ» አለች፤ በየማለዳው «ነገ» ተባለች፤ መካኒኮቹም አጨበጨቡ። ከሁሉም ያማረው ትምህርት አሥራ አንድ ነበር። አራት መካኒኮች የሚስተር ጆንሰንን ንብረት አንስተው ጋሪ ላይ ይጭናሉ፤ ለልምምዱ ባዶ ሣጥን ይጭኑ ነበር። የበሩ ዘበኛ ሰንበታ፣ የሠራተኛውን የምሳ ሳህን ሳይቀር ከፍቶ የሚፈትሽ ሰው፣ ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ወለል ያደርጋል። የውጭ እንግዳን የመውጫ ወረቀት መጠየቅ የሕዝቦችን ወዳጅነት ስለሚጎዳ፣ ባርኔጣውን ሲያይ አንድ ነገር ብቻ እንዲናገር ታዟል፤ «ጉድ ባይ፣ ሚስተር ጆንሰን፣ ካም አጌይን።» ሰንበታ ይህን እንቅልፉ ውስጥም ይለው እንደነበር ሚስቱ ትመሰክራለች።

እንግዳው ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ጓድ ኃይለየሱስ ሞተሩን ቀረብ ብለው አዩና አፍንጫቸውን ያዙ።

«ይኼ ነው ለወዳጅ አገር እንግዳ የሚቀርበው? ከውጭም ከውስጥም ይጽዳ። አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ እንዳላይ።»

ጆቴ ቀመሪያን አየ። ቀመሪያ መሬት መሬት አየች።

«ከውስጥም ነው ያሉት፣ ጓድ?»

«ከውስጥም።»

«በጽሑፍ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።»

በጽሑፍ ማዘዝ ለጓድ ኃይለየሱስ ከምግብ በላይ ነበር። ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተም አደረጉ። ጆቴ ወረቀቱን አጥፎ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተና ሥራውን ጀመረ። የተደፈነውን አፍ ፈታ፤ በላምባ ነከረ፤ በቀጭን ሽቦ ወጋ፤ ነፋበት፤ መልሶ ገጠመ።

«ይነሳል?» አለች ቀመሪያ ቀስ ብላ።

«እኔ ምን አውቄ፣ አዴ። መጠገን ተከልክያለሁ። ያዘዙኝን አጸዳሁ።»

ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ግቢው በቀይ ጨርቅ አጌጠ። እንግዳው፣ ራሰ በራ ኢንጂነር፣ ከአስተርጓሚያቸው ጋር በክብር ወንበር ተቀመጡ። ጓድ ኃይለየሱስ አርባ ደቂቃ ስለ ቋንቋና ስለ ምርት ግንኙነት ንግግር ካደረጉ በኋላ ትርኢቱ ተጀመረ። ቀመሪያ ባርኔጣዋን ደፍታ ወደ መሐል ወጣች።

«ጉድ ሞርኒንግ። ማይ ኢንጂን ዳዝ ኖት ስታርት።»

በመጽሐፉ መሠረት ጆቴ ሞተሩ አለመነሳቱን ለማሳየት እጀታውን አንድ ጊዜ ማዞር አለበት። አዞረ። ሞተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጥቁር ጭሱን በቀዩ ጨርቅ ላይ ተፋ፤ ከዚያም ዱክ ዱክ እያለ እንደ ደህና ሰው ሥራውን ያዘ።

መጽሐፉ ለሚሠራ ሞተር የሚሆን ዓረፍተ ነገር የለውም። ቀመሪያ ባርኔጣዋን ይዛ ሞተሩን ታይ ጀመር። ጓድ ኃይለየሱስ ግን የትግል ሰው በመሆናቸው አልተበገሩም።

«አይ አም ቬሪ ሶሪ፣ ሰር» አሉ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮሁ። «ቱሞሮ፣ ሰር። ቱሞሮ።»

እንግዳው ከወንበራቸው ተነስተው ሄዱና ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ፤ የጆቴንም ዘይት የነካው እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። የሆነ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው አስተረጎመ።

«ጓድ ኢንጂነሩ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ እንግሊዝኛ አይሰሙም። እስካሁን ከተነገረው ሁሉ የገባቸው ይኼ ሞተሩ የሚለው ብቻ ነው።»

ጭብጨባው ሲያበቃ ጓድ ኃይለየሱስ ጆቴንና ቀመሪያን ወደ ጥግ ወሰዷቸው።

«ይህ ሞተር ከግቢ አይወጣም። በመዝገብ የገባው ብልሹ ሆኖ ነው። እየሠራ ቢወጣ ምን ብለን እናወራርደዋለን? ብልሽቱ ይመለስ።»

«ዛሬውኑ?» አለ ጆቴ።

«ዛሬውኑ።»

ጆቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እጀታውን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ከባድ ሥራ ነው፣ ጓድ። ያ ቆሻሻ የዋዛ አልነበረም፤ መለዋወጫም የለንም። አይ አም ቬሪ ሶሪ። ቱሞሮ፣ ሰር።»

አጠራሩ እንከን አልነበረውም። በዚያው ቅጽበት የእንግዳው መኪና ጡሩንባ ነፋ፤ እንግዶቹ ለምሳ ወደ ሶደሬ ሊሄዱ ነው። ጓድ ኃይለየሱስ ሮጠው መኪናው ውስጥ ገቡ።

አቧራው ሳይረጋ ቀመሪያ ባርኔጣውን አስተካከለች።

«ኦቦ ጆቴ፣ ትምህርት አሥራ አንድ እኮ ሳይታይ ቀረ።»

«እውነትሽን ነው፣ አዴ። ያን ያህል ተለማምደን።»

አራት መካኒኮች ሞተሩን አነሱ፤ ከባዶው ሣጥን ይልቅ ከበዳቸው እንጂ አጫጫኑ አንድ ነው። ጋሪው ወደ በሩ ሄደ። ሰንበታ ሞተሩን አየ፤ ካርቶኑን አየ፤ ባርኔጣውን አየ። እግሩን አጋጭቶ በሩን ወለል አደረገ።

«ጉድ ባይ፣ ሚስተር ጆንሰን። ካም አጌይን።»

በማግስቱ ጧት ወፍጮውን ሊያዛውሩ የመጡት ሰዎች ደራ ሲደርሱ የሴቶቹ ሰልፍ ከበር አልፎ ነበር። በጩኸቱ የተነሳ ደብዳቤያቸውን ለማንበብ አልቻሉም፤ ዱቄት አልብሰው መለሷቸው።

ጋራዡ በውጭ ቋንቋ ላስመዘገበው ውጤት የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ጆቴ «በጽዳት ስም ጥገና በመፈጸም» የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። በመስከረም ደግሞ አንድ ባለ ማኅተም ደብዳቤ «ለሚስተር ጆንሰን፣ ደራ» ተብሎ ተላከ። የትምህርት መርጃው ሞተር ከነነበረበት ብልሽት፣ ባርኔጣውም ከነነበረበት ይዞታ በአስቸኳይ እንዲመለሱ፣ የሚመለሱበትም ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠይቃል።

ቀመሪያ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ደብዳቤውን ወፍጮው ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ እርሳስ አስመጣችና በደብዳቤው ጀርባ ላይ በትልልቁ ጻፈች፤

«ቱሞሮ፣ ሰር።»