አንዴ ብቻ የተጠየቀች ሴት

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» ከሰላምታ ነው የሚቆጠረው። ሰው ቤት ገብታችሁ «ምሳ ብሉ» ስትባሉ «አይ፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ትላላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋችሁ አልዞረም። የቤቱ እመቤትም ይህን ከዓይናችሁ አንብባዋለች። ስለዚህ «በሞቴ» ትላለች፤ እናንተም «ኧረ በሞትሽ አትበይ» ትላላችሁ፤ እሷ ሳህኑን ታስጠጋለች፣ እናንተ «እሺ፣ ለመቅመስ ያህል» ብላችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳህኑ ይናገር።

ይህ ሥርዓት የትም አልተጻፈም፤ ከተጻፈው ሕግ ሁሉ ግን የበለጠ ይከበራል። በሦስተኛው ልመና እሺ ያለች ሴት ጨዋ ናት። በሁለተኛው ያለች ትንሽ ርቧታል ይባላል። በመጀመሪያው ያለችዋ ግን ከነአሳዳጊዋ ትታማለች። እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የኖርኩት በዚህ ነው። ባሌን እንኳ ያገባሁት ሽማግሌ ሦስቴ ተመላልሶ ነው፤ ልቤ የሄደው ሽማግሌው ገና ሳይላክ ቢሆንም። (ይህን እሱ እንዳይሰማ።) ታዲያ በዚህ ሥርዓት አንድም ቀን ተጎድቼ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ነው ጉድ የሠራኝ።

መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ሱቅ የምለው ለክብሩ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወትና እኔ ከገባንበት በኋላ ደንበኛ የሚለካው ግማሽ አካሉን ደጅ ትቶ ነው። ሮማን የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በራችን ፊት ለፊት ነው። ጨው ስታጣ ከእኔ፣ ትዕግሥት ሳጣ ከእሷ እንበዳደራለን። ይህች ሮማን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎፋ የሚሰበሰብ የሴቶች ቡድን ውስጥ ገባች። ምን ትሠራላችሁ ብላት «ራሳችንን እንፈልጋለን» አለችኝ። ላፍቶ የምትኖር ሴት ራሷን ፍለጋ ታክሲ ተሰልፋ ጎፋ ድረስ መሄዷ ገረመኝ። አሠልጣኝ አለቻቸው። ትንፋሽ አወሳሰድ ታስተምራቸዋለች። ሮማን ያለማንም አስተማሪ አርባ ዓመት የተነፈሰች ሴት መሆኗን አልነገረቻትም መሰለኝ።

በሰኔ መጨረሻ ላይ ወሬው መጣ፤ ቡድኑ ለሪትሪት ወደ ዛንዚባር ሊሄድ ነው። ሪትሪት ማለት ምንድን ነው ለምትሉ፣ እኔም ጠይቄ ነው ያወቅኩት። አሥራ ሦስት ሴቶች ሰባት ቀን ሙሉ ባሕር ዳርቻ ይቀመጣሉ፤ ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ «ዛሬ ምን ይሠራ?» የለ። ጠዋት ይተነፍሳሉ፣ ቀን ይታሻሉ፣ ማታ በክብ ተቀምጠው የሆዳቸውን ይጫወታሉ። ይህንን ስሰማ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ቅናት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የቆየ ትውውቅ አለን።

ይባስ ብሎ ልብሱን የምሰፋው እኔ ሆንኩ። አበሻ ራሱን ሊፈልግ ሲሄድም ዩኒፎርም ለብሶ ነው፤ አሥራ ሦስት ነጭ ረጅም ቀሚስ ታዘዘ። ሴቶቹ እየተፈራረቁ መጥተው ተለኩ። አንዷ ስለ ባሕሩ፣ ሌላዋ ስለ ማሳጁ ታወራለች፤ እኔ ሜትሬን በወገባቸው ዙሪያ እጠመጥማለሁ፤ አንዳንዴም ትንሽ ጠበቅ ይልብኛል። ታዲያ ሰው አይደለሁም?

አሥራ ሁለቱ ተሰፍተው አሥራ ሦስተኛው ሳይቆረጥ፣ ከተጓዦቹ አንዷ፣ ወይዘሮ እቴነሽ፣ ልጇ ሐዋሳ ላይ ከቀኗ ቀድማ ወለደች። አራስ ጥሎ ዛንዚባር የሚሄድ እናት የለም፤ ቀረች። ቦታዋ ተከፍሎበታል፣ ባዶ ነው። ሮማን አሳንሰር ቆማ የምትጠብቅበት ትዕግሥት አልነበራትም፤ ደግነቱ አሳንሰር የለንም። ወደ እኔ የመጣችው በሩጫ ነበር፤ ሱቄ ድረስ፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ። «ቦታ ተገኘ! አንቺ ነይ! አብረን እንሂድ!» አለችኝ።

አሁን ልቤን ስሙልኝ። ልቤ «እሺ» አለ። ጉልበቴም እሺ አለ። አልጋ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ወጥቶ አንድም ማኅተም ያላረፈበት ፓስፖርቴ ሳይቀር እሺ ያለ መሰለኝ። አፌ ግን ያደገው በእናቴ ቤት ነው። «ኧረ እኔ ምን ልሠራ! ሥራውስ? ልጆቹስ? አይሆንም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለ።

እንደ እምቢታ ካየነው እንከን የማይወጣለት እምቢታ ነበር። መጨረሻው ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ መግቢያ እንዲሆናት። መርፌ አፌ ውስጥ ያዝኩ፤ እሷ እስክትናገር እንዳልቀድማት። የቀረው «በሞቴ» የምትለው ቃል ብቻ ነበረች። ሮማን ግን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ እንደተማረችው ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፣ በፍቅር አየችኝና «እሺ። እምቢታሽን አከብራለሁ» ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች።

ሄደች! ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔው ደግሞ ተንከባሎ መካኒሳ አስፋልት ላይ ደርሷል።

ነገ ትመለሳለች ብዬ ተጽናናሁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ የለ? አንድ ጥያቄማ እንዴት ይበቃል? ስለዚህ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፤ አሥራ ሦስተኛውን ቀሚስ በራሴ ልክ ቆረጥኩት። አንገቱ ላይ ከሌሎቹ የተለየች ትንሽ ጥልፍ ጣል አደረግኩ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «ጠየቁሽ?» አለኝ። ጠየቁኝ አልኩት። «እና ምን አልሽ?» አይሆንም አልኳ። «መሄድ አትፈልጊም ማለት ነው?» ሲለኝ ተናደድኩ። «አንዴ ነው እኮ የጠየቁኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ወንድ ልጅ አንዳንድ ነገር አይገባውም።

ራሴ ሄጄ «ኧረ እመጣለሁ» ብላትስ? አስቤዋለሁ። ሁለቴ በሯ ላይ ደርሻለሁ፤ ሁለቴም ሽንኩርት ተበድሬ ተመልሻለሁ። ሰው ሳይለምነኝ እንዴት ብዬ?

ረቡዕ ዕለት ሮማን መጣች፤ ብቻዋን ግን አልነበረም። ጥሩወርቅን አስከትላለች። ጥሩወርቅ ጎፋ የቀለምና የምስማር መደብር ያላት ሴት ናት። አንድ የሠርግ ቀሚሷን «ያወፍረኛል» እያለች ሦስት ጊዜ መልሳብኛለች። ቀሚስ አያወፍርም፤ ቀሚስ ያየውን ነው የሚናገረው። ሮማን በአድናቆት ዓይኗ እያበራ፣ «አንቺ አይሆንም ስትዪኝ እሷን ጠየቅናት፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳንጨርስ እሺ አለች!» ብላ አበሠረችኝ። የዚያን ጊዜ ነው ምሥጢሩን የሰማሁት። ሰኔን ሙሉ ጎፋ ላይ የተማሩት ትምህርት «አይሆንም ማለትና አይሆንምን ማክበር» የሚል ነበር። አሠልጣኟ «በሞቴ» ማለት ሰውን ማስገደድ ነው ብላቸዋለች። አያችሁ? የአገር ሥርዓት ሲሻር ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም።

ጥሩወርቅ ተሰቅሎ ያየችውን ነጭ ቀሚስ «ይቺስ የማን ናት?» አለች። «ናሙና ናት» አልኩ። ምን ልበል? አወረደችና ለበሰችው። ጥልፉን ወደደችው። ጎኑ ግን እምቢ አለ፤ ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበር። «ትንሽ አስፍተሽልኝ ይሄንኑ እወስዳለሁ» አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ እንዲህ በአካል ተሰፍቶ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የራሴን ጎን በራሴ መቀስ ፈታሁት፤ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ጨርቅ ጨመርኩበት።

ሐምሌ አሥር ቀን በዝናብ ሸኘኋቸው። ሁሉንም ሳምኩ፣ «በሰላም ግቡ» አልኩ። በልቤ ደግሞ እዚያም ዝናብ እንዲዘንብባቸው ለመንኩ። ማዕበል አላልኩም፤ ክፉ ሰው አይደለሁም። ካፊያ፣ ሰባት ቀን የሚቆይ ቀጭን ካፊያ ነበር የፈለግኩት። እግዚአብሔር ልመናዬን ሰማ፣ አድራሻውን ግን ተሳሳተ፤ ላፍቶ ላይ ሰባት ቀን ሙሉ ዘነበ። እነሱ ጋ ፀሐይ ነው።

ፎቶው በየቀኑ ይመጣል። ባሕሩን ተዉት። ነጩን አሸዋ ተዉት። መሐል ላይ ጥሩወርቅ በኔ ቀሚስ፣ ክንዶቿን ዘርግታ። የሰፋሁት ልብስ ዛንዚባርን ሲያይ እኔ በመስኮት የማየው የጎረቤት ታንከር ሲሞላ ነው። ቀናሁ። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ቀናሁ፣ እንቅልፍ እስካጣ ቀናሁ። ፎቶውን በሁለት ጣት ከፍቼ ጎኗ ላይ ያለውን ስፌት መረመርኩት፤ ይተረተር እንደሆነ ብዬ። አልተተረተረም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ጥራት አዘንኩ።

በአራተኛው ቀን ሮማን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ «ዛሬ የዝምታ ቀን ነው፣ ማንም አይናገርም» እያለች አምስት ደቂቃ ሙሉ አወራችኝ።

እኔም በዚያው ዕለት ወሰንኩ። ከእንግዲህ ወዲያ ስጠየቅ በመጀመሪያው እሺ! ልምምዱን የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ከሱቄ ጎን ዘይትና ስኳር የምትሸጠው ዘይነባ ምሳዋን ከፍታ ሳልፍ ስታየኝ፣ እንደ ወጉ «እንብላ» አለችኝ። «እሺ» ብዬ ተቀመጥኩ። ዘይነባ እጇ አየር ላይ ቀረ። አሥር ዓመት «እንብላ» ስትለኝ አሥር ዓመት «መልካም ምሳ» ብዬ አልፌያለሁ፤ ለአንድ ሰው የተቋጠረች ምሳ ናት። ለሁለት በላናት። ከዚያ ወዲህ ሳልፍ በሯን ዘግታ ነው የምትበላው። ይሁን፤ ትምህርት ያለ መሥዋዕትነት አይገኝም።

ተመለሱ። ሮማን በነጋታው ጠዋት በሬን አንኳኳች፤ ፊቷ ጠቁሮ፣ ወዝቶ፣ ሰው ሆኖ። አንድ ሻርፕና አንድ ከረጢት ቅርንፉድ ይዛልኛለች። ቁጭ እንዳለች እጄን ያዘችና፣ የመጨረሻው ምሽት ላይ ሁሉም በክብ ተቀምጠው ትልቅ ነገር ያስተማረቻቸውን ሴት እንዲያነሡ እንደተጠየቁ ነገረችኝ። ሌሎቹ እናታቸውን፣ አክስታቸውን አነሡ። ሮማን እኔን አነሣች።

«ዛንዚባር በነፃ ቀርቦላት፣ ዓይኗን ሳታሽ አይሆንም ያለች ጓደኛ አለችኝ አልኳቸው» አለችኝ። አጨበጨቡ። አሠልጣኟ እንባዋን ጠረገች። ጥሩወርቅ ሳትቀር ቆማ አጨበጨበች። ከዚያ አሠልጣኟ ተነሥታ፣ በጥር ወደ ሲሸልስ በሚደረገው ጉዞ ይህች ሴት የክብር እንግዳችን ትሁን፣ ወጪዋን ሁሉ እኛ እንችላለን፣ መጥታ ለሴቶች አይሆንም ማለትን ታስተምርልን አለች።

ምላሴ ላይ «እሺ» ተዘጋጅታ ቆማለች። በሦስተኛው ልመና የምትመጣዋ ተሽኮርማሚ እሺ አይደለችም፤ የዘይነባን ምሳ የበላችው እሺ ናት። አፌን ከፈትኩ። ሮማን ግን እጄን ጠበቅ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ አትጨነቂ። እኔ የት ሄጄ! እሷን አታውቋትም፣ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፣ እንዳታስቸግሯት ብዬ እዚያው እምቢ አልኩልሽ» አለችኝ።

«ቦታውስ?» አልኩ።

«ለጥሩወርቅ ሆነ።»

ከዚያ በኋላ በእናቴ ቤት ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረግኩ። ቀና ብዬ፣ ሳልለመን፣ በግልጽ አማርኛ፣ «ሮማን፣ እኔ እኮ መሄድ እፈልጋለሁ። በፊትም እፈልግ ነበር። በጣም እፈልግ ነበር» አልኳት። እንባዬም አብሮ መጣ።

ሮማን ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አቅፋ ወደ ደረቷ አስጠጋችኝና፣ «ይሉኝታሽ እኮ ነው የሚገድለኝ» አለች፤ «ለእኔ ብለሽ መዋሸት ግን አያምርብሽም።»