የቡና መፈልፈያችን ተሽቀዳዳሚዎች

ሰው የተደረገለትን ለመርሳት የሚፈጥነውን ያህል ለሌላው ነገር ቢፈጥን ኖሮ፣ አገራችን እስካሁን የት በደረሰች! እኔም ከዚያው ሰው ወገን ነኝና ራሴን ነጥዬ አላወጣም። ቢሆንም አንድ ያልከፈልኩት ውለታ አለብኝ፤ ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር «ተናገረኝ፣ ተናገረኝ» ይለኛል። ወጉ ስለ ፍጥነት ነው። መቱን የምታውቁ «መቱንና ፍጥነትን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። እኛም ስቀናል።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ እኔ መቱ ውስጥ በአንድ የቡና መፈልፈያ ፋብሪካ ጸሐፊ ነበርኩ። ፋብሪካ ስላችሁ ጭስ የሚተፋ ግንብ እንዳይታያችሁ። አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አንድ የሚያስለው ሞተር፣ አንድ ፒክአፕና አንድ ባለቤት፤ ይኸው ነው። ባለቤቱ ጋሼ ደምሴ ይባላሉ። ያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጎሬ ነበረችና፣ ጎሬዎች ኮረብታቸው ላይ ተቀምጠው እኛን ቁልቁል ማየት ይቀናቸው ነበር። አንድ የጎሬ ነጋዴ ጂፕ ገዛና «የመቱን መኪና አቧራ አቀምሰዋለሁ» አለ አሉ። ወሬው ጋሼ ደምሴ ጆሮ ገባ። በማግሥቱ ፋብሪካው የእሽቅድምድም ቡድን አቋቋመ።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነበር። ሹፌሩ ገለታ ከመቱ አቅራቢያ፣ የሁሩሙ ከተማ ልጅ ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት ቃል ከተነፈሰ ሰበከ ይባልለታል። መካኒኩ ሱልጣን የጅማ ሰው ሲሆን፣ የጠመንጃ መፍቻውን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሞተር ሕመም የሚያዳምጥ ሐኪም ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ምን እሠራ እንደነበር አትጠይቁኝ፤ እርሳስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፋብሪካው ፒክአፑን፣ ቤንዚኑንና ስሙ ጀርባው ላይ የተሰፋበት ካኪ ሰጠን።

በዓመት አንዴ የሚደረገው እሽቅድምድም ዳገት የለው፣ ጥምዝ የለው። ከጎሬ ወጣ ብሎ ትንንሽ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሣር ሜዳ አለ። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መሐረብ ሲወርድ እስከ ኖራው መስመር በቀጥታ መክነፍ ነው። «በርታ» ለማለት አፍ ሳይከፈት ያልቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ተሸነፍን። ለካ ፒክአፑ ላይ የነበረውን ቡና ያራገፈው የለም! በሁለተኛው ዓመት ሱልጣን ለማቅለል ሲል በሮቹንም የኋላ ሳንቃዎቹንም ፈታ። መኪናው ቀለለ፤ መሐረቡ ሲወርድ ዘሎ ተነሣ፤ የገለታ መቀመጫ ግን ከነገለታ ወደ ኋላ ተንሸራተተና እግሩ ከነዳጅ መስጫው ራቀ፤ ዳግም ተሸነፍን። የመቀመጫውን ብሎን ማጥበቅ የረሳው ማን እንደነበር አልናገርም። ከብሎን ጋር ዝምድና የለኝም።

በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌዎች ማታለል እንዳይኖር ብለው ደንብ አወጡ፤ አንዱ ወገን በሌላው መኪና ላይ ታዛቢ ያስቀምጥ ተባለ። እኔ በጎሬው ጂፕ፣ ማሞ ከሚባለው ሹፌራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የእነሱ ታዛቢ ግን በር የሌለውን ፒክአፓችንን አይቶ «አልሳፈርም» ብሎ ቀረ። ጂፑ ጣራም መስታወትም የለው። መሐረቡ ወረደ።

ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ወሰደው። ገለታ ጥቂት ቀድሞናል፤ ማሞ እየደረሰበት ነው። ሣሩ ጤዛ ስለነበረው ማሞ መስመሩ ጋ ሳንደርስ ፍሬኑን ነካ አደረገ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። እንደገና ረገጠ። ባዶ።

«ወንድሜ፣ ፍሬን የለም» አለኝ፣ ጨው የለም እንደሚባለው በቀስታ።

ከመስመሩ ማዶ ሜዳው ቁልቁል ነው፤ ከቁልቁለቱ ማዶ ገደል። ከሩቅ ሱልጣን «ሱታ! ሱታ!» እያለ ሲሮጥ ሰማሁ፤ ቀስ በሉ ማለቱ ነው። እንዴት ብለን! ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚያ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ጓ! ብረት ብረትን ሲፍቅ ቆየና ሁሉም ጸጥ አለ። ዓይኔን ስገልጥ የጂፑ አፍንጫ በፒክአፑ ጀርባ ውስጥ ተቀርቅሯል። ገለታ ከፊታችን ገብቶ፣ በራሱ መኪና ተቀብሎን፣ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት እየያዘ አቁሞናል። ገደሉ ከፒክአፑ አፍንጫ አሥር እርምጃ አይሞላም። ማሞ ወርዶ የገለታን ጉልበት ሊስም ሲል ገለታ በሁለት እጁ ያዘው።

ጋሼ ደምሴ እያለከለኩ ደረሱ። የተጨማደደውን ፒክአፕ አዩ። ፋብሪካው ሌላ መኪና የለውም፤ ቡናው ደግሞ ገና ከገበሬው አልተሰበሰበም።

«ሰው ተርፏል?»

«ተርፏል ጋሼ፤ መኪናው ግን...» አለ ሱልጣን እንባውን በእጅጌው እየጠረገ።

«ታዲያ ምን ታለቃቅሳላችሁ? ቡናን በቅሎም ያደርሰዋል።»

አደረሰውም። የዚያ ዓመት ቡና በሙሉ በበቅሎ ተጓጓዘ፤ እሳቸውም አንድ ቀን አላማረሩም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጎሬና መቱ «ማን ቀደመ?» ብለው መነታረካቸው አልቀረም። የመስመሩ ዳኞች መኪኖቹ ሲመጡባቸው ቦይ ውስጥ ዘለው ስለነበር ያየ የለም። «ታዛቢው ይናገር!» ተባለ። የመቱ ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ሕይወቴን ላተረፈ ሰው አንድ ቃል ምን ነበረበት? ግን ማሞ ቆሞ ይሰማኛል፤ እሱ ደግሞ እንደ እኔ ከሞት የተመለሰ ነው።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አልኩ።

ሳቁ ጋምቤላ ሳይሰማ አይቀርም። ውድድሩ አሸናፊ የለውም ተብሎ ተዘጋ፤ ፒክአፑም ወደ ውድድር አልተመለሰምና የቡድናችን ታሪክ በዚሁ አበቃ።

በእግራችን ወደ መቱ ስንወርድ ገለታን «አንተስ አላየህም? መስመሩን ማን ቀደመ?» አልኩት።

«አላየሁም። ስፖኪዮ ነበር የማየው።»

«ፍሬኑ መበጠሱን በምን አወቅህ ታዲያ?»

ገለታ ያን ቀን የዓመቱን ንግግር ሁሉ ተናገረ። «ማሞማ ፊቱ አይነበብም። አንተ ነህ ያሳወቅከኝ። ገና ውድድሩ ሳያልቅ ዓይንህን ስትጨፍን አየሁህ። ታዛቢ ዓይኑን የሚጨፍነው፣ ሊያየው የማይፈልገው ነገር ሲመጣ ነው አልኩ።»

«ገለቶሚ» አልኩት በአፍ መፍቻው። እሱ ግን ማመስገኔን ችላ ብሎ ጭቃውን እየዘለለ ቀደመኝ።

ሁለት ከተማ ዓመታት ሙሉ በፍርሃቴ ሳቀ። ይሳቅ። እኔ ፈሪ አድርጎ የፈጠረኝን አምላክ፣ ከፊቱ ካለው ድል ይልቅ ከኋላው ያለውን ሰው የሚያይ ሹፌር ስለሰጠኝ፣ እነሆ በዚህ ዕድሜዬም አመሰግነዋለሁ።