ትንሽ ይቀረዋል

በየከተማው ሳይቀምስ የማያምን ሰው አይጠፋም። ድግስ ቤት ከእንግዳው ሁሉ ቀድሞ ጓዳ የሚገባ፣ ጠላውን ገና ሳይጠለል የሚፈርድበት፣ በሰው ድስት ላይ ዳኛ ሆኖ የተሾመ፣ ማን እንደሾመው ግን የማይታወቅ። ለመተማ ዮሐንስ የደረሷት ክቡር ጋሽ ደምለው ናቸው።

ጋሽ ደምለው ሥራ እስኪያቆሙ ድረስ ለነጋዴዎች ሰሊጥ ይመርጡ ነበር። ከጆንያው ቆንጠር ያደርጉና በጥርሳቸው ሰበር አድርገው «ትንሽ ይቀረዋል» ይላሉ፤ አልደረቀም ማለታቸው ነው። ሰሊጡን ቢተዉም ቃሉን አልተዉትም። የአይናዲስ ምግብ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ከምሳ በፊት ወጥ ቤት ይገባሉ፣ ማንኪያ ይቀበላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጥብሱ ትንሽ ይቀረዋል። ፉሉም ትንሽ ይቀረዋል። በሠርጓ ቀን ሙሽራውን አይተው እሱም ትንሽ ይቀረዋል ብለው ነበር፤ እውነትም ብዙ ሳይቆይ ጥሏት ሄደ።

ያኔ ግቢው በሱዳን ሾፌሮችና ከደጋ ለአጨዳ በወረዱ ሠራተኞች ይሞላ ነበር። ሾፌሮቹ «ታማም ነው ጋሽ ደምለው፣ ምን ጎደለው?» እያሉ ይከራከሯቸዋል። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ጭር አለ፤ ትርፍ ወንበሮቹም ተደራርበው ግድግዳ ተደገፉ። አይናዲስ ያ ጫጫታ ይናፍቃታል።

ዘንድሮ እህቷ ሙሉአለም ከጀርመን ነጭ ወይን ይዛ መጣች፤ ምክርም ይዛ።

«እታለም፣ ይኸን ቤት ዝጊውና ጎንደር ግቢ። ቤት ተከራይቼልሻለሁ።»

አይናዲስ እሑድ ከምሳ በኋላ ቁርጡን እነግርሻለሁ አለቻት።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ደምለው ጠርሙሱን አገላብጠው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁ።

«ግማሽ ደረቅ ነው የሚሉት» አለች ሙሉአለም።

ግማሽ ደረቅ! የሰሊጥ ሰው ከዚህ የከፋ ነውር አልሰማም። እንዲህ ያለ ሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ማንንም ሳያማክሩ ጠርሙሱን ይዘው ወጡና፣ የታጨደ ሰሊጥ ሂላ በሚሉት የነዶ ክምር ተደጋግፎ ፀሐይ እንደሚመታው፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አቆሙት። ምሳ ሲደርስ እንደ ሻይ ሞቆ ተገኘ።

«ጀርመኖቹ ቸኩለው ነው» አሉ ኮራ ብለው። «እኔ ጨረስኩላቸው።»

ሙሉአለም እስክትንበረከክ ሳቀች። ደረቅ የሚባለው ስኳር የሌለው ወይን እንደሆነ፣ ይኸኛው ግን ለስለስ ያለ ጣፋጭነት እንዳለውና የሚያቃጥል ምግብ ሲያገኝ እንደሚያምርበት አስረዳቻቸው። ከዚያ በረዶ ውስጥ ነከረችው።

አይናዲስ ከጓንግ ወንዝ የወጣ አሳ ጠብሳ በዳጣ አቀረበች። ጋሽ ደምለው ጎረሱ፣ ከወይኑ ፉት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሎሚና ማር ነው» አሉ ስለ ወይኑ። «የዳጣውን ቃጠሎ አባብሎ ያስተኛዋል።» ከዚያ ወደ አሳው ዞሩ። «ይኸ ደግሞ ምንም አይቀረውም፣ ልጄ።»

አይናዲስ ደነገጠች። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ስንት ዘመን ደክማለች፤ ሲመጣ ግን አላስደሰታትም። ሰው እንዲህ የሚመሰገነው ሲሸኝ ነው።

«ልሄድ ነው ብለው ነው እንዲህ ያሉኝ?»

ጋሽ ደምለው ብርጭቋቸውን አዩ። «ለመንገደኛ ጉድለቱን ይነግሩታል እንዴ?»

«መንገዱን ይተዉትና እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

እንደገና ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ፊታቸው እንደ ድሮው ኮስተር አለ።

«ጨው» አሉ። «ትንሽ ይቀረዋል።»

አይናዲስ የጨው ዕቃውን እያነሣች ወደ እህቷ ዞረች።

«ሰምተሻል፣ ሙሉአለም» አለቻት። «ገና ይቀረዋል። እንዴት ብዬ ጥየው እሄዳለሁ?»