በጣቱ የሚያይ ልጅ

በየትም ክፍል ውስጥ እጁ ከዓይኑ ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሰው አይጠፋም። «አይነካም» የሚለውን ጽሑፍ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ የሚያነብ። ሊፍት ውስጥ ሲገባ የሁሉንም ፎቅ ቁልፍ የሚጫን፣ ቀለሙ መድረቁን በአውራ ጣቱ የሚያረጋግጥ፣ ጣቱንም በሰው ጃኬት የሚጠርግ።

በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ይህ ማዕረግ የክቡር «እስኪ ልየው» ነበር። ስሙ የወጣለት ከገዛ አፉ ነው፤ ችግሩ ግን የሚያየው በጣቱ ነው። ማይክሮስኮፑን አንዴ «አይቶት» ሁለት ቦታ ሆኗል። የትምህርት ቤቱን ደወል «አይቶት» ተማሪው ሁሉ ገና በጠዋቱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄዷል።

የሳይንስ ሙዚየሙ ተማሪዎችን «ጎብኚ እየነካካ ስለ ብርሃን የሚማርበት ማሳያ ሥሩ፤ ሕዝብ የወደደው በቋሚነት ይቀመጣል» ሲል፣ የክበቡ መሪ መጀመሪያ ያሰበችው ይህን ልጅ እንዴት እንደምታርቀው ነበር። «ኢንጂነሯ» ይሏታል፤ እርሳሶቿን እንኳ በቁመታቸው የምታሰልፍ ልጅ ናት።

ሐሳቡ የእሷ ነው፦ ጎን ለጎን የቆሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች ነጭ ግድግዳ ላይ አንድ ቦታ ሲያርፉ ተቀላቅለው ነጭ ብርሃን ይሆናሉ። ሠሩት፤ ሆነም። የፊዚክስ መምህራቸው መጥተው ግድግዳውን አተኩረው አዩ።

«ጎበዞች! ግን ልጆቼ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ብርሃን ለማየት ማን ይሰለፋል? የሚነካውስ የቱ ነው?»

ኢንጂነሯ እርሳሶቿን መሰብሰብ ጀመረች። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«እስኪ ልየው!»

«እንዳትነካ!» ብላ ጮኸች።

ማን ሰምቷት! ክቡርነታቸው እጃቸውን መብራቶቹ ፊት ዘርግተዋል። ግድግዳው ላይ ግን ጥቁር ጥላ አልወጣም። ሦስት እጆች ወጡ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ደማቅ ሮዝ፣ አንዱ ጥልቀት የሌለው ባሕር የመሰለ ሰማያዊ።

«እጄ ምን ሆነ?» አለ ራሱ ደንግጦ።

«እጅህማ አንዱን መብራት ሲጋርድ የሁለቱ ቅልቅል ይቀራል!» ኢንጂነሯ ዘለለች። «የምናሳየው ነጩን አይደለም፤ ጥላውን ነው! አትንቀሳቀስ! አይ፣ ተንቀሳቀስ!»

ከዚያ ወዲያ ክቡርነታቸው በይፋ ዋና አበላሺ ሆነው ተሾሙ። ያላሉት ብሎን እንደገና ጠብቆ ታሰረ፤ የነቀሉት ሽቦ በብረት ሳጥን ተሸፈነ። «እሱ ያልሰበረውን ሕዝብ አይሰብረውም» አሉ መምህሩ።

እውነትም በመክፈቻው ቀን ከጎናቸው የቆመው የሌላ ቡድን ባለ መስታወት ማሳያ ሳይረፍድ እጀታው ተነቀለ። የእነሱ ጥግ ግን ሰልፉ እስከ ደረጃው ደረሰ። ሕፃናት ዘለሉ፤ ከዘራ የያዙ አንዲት እናት ጥላቸው በሦስት ቀለም ሲወዛወዝ አይተው «ውይ፣ እኔ ነኝ እንዲህ የማምረው?» ብለው ከሰልፉ መጨረሻ ደግመው ተሰለፉ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ሰዉን ጥሰው ገቡ። «ይሄ ከዚህ ንቅንቅ አይልም! የማን ሥራ ነው?»

ኢንጂነሯ ንግግር አጥንታ ነበር። እሱን ተወችው። የክቡርነታቸውን እጅ ለቀም አድርጋ መብራቶቹ ፊት ወደ ላይ አነሳችው። ሦስት ባለ ቀለም ክንዶች እስከ ጣሪያው ተዘረጉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ክቡርነታቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። እሷም አልለቀቀችውም።